ሠላሳን ካለፉ በኋላ ግሪን ቤሬት፦ መደበኛ ጦር ወይስ ናሽናል ጋርድ?

ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው የአሜሪካን ግሪን ቤሬት (የሠራዊቱን ልዩ ኃይል) መቀላቀል ሲያስብ ሁለት በር አለው። አንዱ የመደበኛው ጦር ነው። ሌላው ናሽናል ጋርድ (በትርፍ ጊዜ የሚያገለግሉበት ተጠባባቂ ጦር)፣ በውስጡም ያሉት 19ኛውና 20ኛው የልዩ ኃይል ቡድኖች።

ፈተናው፦ እዚህ ላይ ልዩነት የለም። «ጋርድ ይቀላል» የሚል ካለ አይስሙት። ሁለቱም ሰሜን ካሮላይና ሄደው ያንኑ የመምረጫ ፈተና ይወስዳሉ። ሌሊት ብቻዎን ነዎት። ጀርባዎ ላይ ከባድ ሻንጣ፣ እጅዎ ላይ ካርታና ኮምፓስ። መንገድ ዳር መሄድ ክልክል ነው፤ ረግረጉን አቋርጠው በካርታው የተሰጠዎትን ቦታ ያገኛሉ። ጉልበት ደግሞ የልደት ቀን አይረሳም። የ22 ዓመቱ ልጅ አድሮ ሲነሳ ደህና ነው፤ እርስዎ ግን ያነክሳሉ። በእርግጥ ትዕግስቱና ራስን ማወቁ የእርስዎ ነው፤ ይሄም ቀላል ነገር አይደለም።

ገቢና ቤት፦ መደበኛው ጦር ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል፤ ቤተሰብ ግን ነቅሎ መሄድ አለበት። በጋርድ ሥራዎን ይዘው ይቆያሉ። አገልግሎቱ በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ይባላል። በልዩ ኃይል ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ሥልጠናው ብቻ ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ባይሳካስ? በመደበኛው ጦር ውልዎ ይቀጥላል፤ ሠራዊቱ ወደፈለገው ቦታ ይመድብዎታል። በጋርድ ግን የሲቪል ሥራዎ ይጠብቅዎታል።

ነጠላ ከሆኑና ሙያ መቀየር ከፈለጉ መደበኛው ይሻላል። ልጆችና ጥሩ ሥራ ካለዎት ጋርዱን ይጠይቁ። ከሁሉም በፊት ግን የዕድሜ ጣሪያውን ከመልማዩ ያጣሩ፤ በየጊዜው ይቀያየራል።