ጅማ ላይ ውሃ ዳር ውለን መጣን፦ ቦዬ፣ ግልገል ጊቤ እና ያስተናገዱን ሰዎች

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ሰላም ለበዓል ወደ ጅማ ለመግባት ያሰባችሁ ሁሉ። እኔ ታህሳስ ላይ ከሲያትል ሁለት ልጆቼን ይዤ መጥቼ እናቴ ጋር 16 ቀን ቆይቼ ነው የተመለስኩት፣ እና እዛ እያለሁ የተጠቀምኩባቸውን ነገሮች፣ ባጃጁን ኮንትራት መኪናውን ፔንሲዮኑን ምናምን፣ ለሚመጣ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው የምፅፈው ምክንያቱም እኔ ከመምጣቴ በፊት ስጠይቅ ሁሉም የሚነግረኝ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ብቻ ነበር፣ እሱ እንዳለ ሆኖ የኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነበር።

ልጆቼ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው፣ ውሃ ዳር ነው ያደጉት። እኛ ሰፈር አየሩ ትንሽ ደህና ከሆነ ቅዳሜ ማለት አልካይ ቢች ሄዶ አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ፌሪ ሲመጣና ሲሄድ ማየት ነው። ስለዚ ጅማ የገባን ቀን ገና ሻንጣ ሳይፈታ ትንሹ "እዚህ ቢች የት ነው?" አላት አያቱን። እናቴ ደግሞ እዛው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያደገች ሴት ናት፣ ዝም ብላ አይታው "ባህር የለንም እንጂ ውሃማ ሞልቶናል፣ ቦዬ አለ አይደል" አለችው። እኔ ራሴ ቦዬን ከልጅነቴ ጀምሮ በስም አውቀው ነበር እንጂ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር፣ ይሄን ስፅፍ ራሱ ይቆጨኛል።

ቦዬ ለማያውቀው፣ ከተማው ጥግ ላይ ያለ ረግረግና ኩሬ ነው። ከመሀል ከተማ በባጃጅ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ቄጠማውና ፊላው ዙሪያውን ይዞት መሀል ላይ ውሃው ይታያል፣ ውሃው ውስጥ ደግሞ ጉማሬ አለ፣ አዎ ከተማ ውስጥ ጉማሬ!

የመጀመሪያው ቀን ግን ተበላሸብን። ቁርስ በልተን ተዝናንተን ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ነው የሄድነው፣ ፀሀዩ አናት ይበሳል፣ ጥላ ሚባል የለም፣ ግማሽ ሰዓት ቆመን ያየነው ሁለት ላም ብቻ ነው። ልጆቹ አኮረፉ። ስንመለስ የጫነን የባጃጅ ልጅ (ስሙን አልፅፍም፣ ሳላስፈቅደው ነው የምፅፈው) በመስታወቱ አየን አየንና "እማማ፣ በዚህ ሰዓት ማን አመጣችሁ፣ ነገ 12 ሰዓት ላይ በር ላይ እሆናለሁ" አላት እናቴን። እኔን አይደለም ያናገረው፣ እሷን ነው፣ ደስ አለኝ።

በማግስቱ በእውነት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ነበር። ጭጋጉ ገና መሬት ላይ ተኝቷል፣ ብርዱ ጋቢ ያስፈልገዋል፣ ጅማ 1,700 ሜትር ምናምን ላይ ስለሆነች ጠዋት ላይ ትቀዘቅዛለች ጃኬት ያዙ። ልጁ ባጃጁን ራቅ አድርጎ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና በእግር ወሰደን። መንገድ ላይ ሳሩ እንደ ቦይ ሆኖ ተረግጦ ወደ ውሃው የሚወርድበት ቦታ ነበር፣ እዛ ጋ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። "ይሄ የሱ መንገድ ነው፣ ማታ ወጥቶ ሳር ሲበላ ያድርና ጠዋት በዚህ ይገባል፣ በሱና በውሃው መሀል ሰው መቆም የለበትም" ብሎ ወደ ጎን ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀመጠን። ለዚህ ማንም አልከፈለውም፣ ማንም አላዘዘውም። ጉማሬ ዝም ብሎ ሲታይ ሰነፍ ይመስላል እንጂ ሰው የሚገድል እንስሳ ነው፣ እና ሁለት ልጅ ይዤ ነው ያለሁት፣ ስለዚ እኔ ለዚች አንድ ነገር ብቻ ሙሉ ነጥብ ነው የምሰጠው።

ከዛ ተቀመጥን። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ፊላው አጠገብ ውሃው ትንሽ አበጥ አለና ሁለት ጆሮ ወጣ፣ ትንንሽ የህፃን እጅ የሚያካክሉ ጆሮዎች፣ ውሃ እያረገፉ ሽር ሽር አሉ፣ ከዛ አፍንጫው ወጣና ፉፉፉ ብሎ ተነፈሰ፣ ትንፋሹ በብርዱ እንደ ጭስ ሲወጣ ይታያል። ትንሹ ልጄ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ጨብጦ እስከመጨረሻው አለቀቀም። ሁለተኛ አለ፣ ከኋላው። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ የሚውሉት ቆዳቸውን ፀሀይ እንዳያደርቀው ነው አላቸው ልጁ፣ ትልቁ ልጄ ስልኩን አውጥቶ ሳይነካ ዝም ብሎ ሲሰማ ሳየው ገረመኝ።

ወፉ ደግሞ ሌላ ነው። ራሱ ላይ ወርቅማ ዘውድ የመሰለ ላባ የያዘ ረጅም ጥቁር ወፍ ሁለት ሆነው ጨፌው ላይ ሲራመዱ አየን፣ ክሬን ከሚባሉት ነው። ባይኖኩላር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እኔ ሳልይዝ ነው የሄድኩት።

ለግማሽ ቀን 1,200 ብር ነው የተስማማነው፣ ስንመለስም ያው 1,200። ከውጭ መጣች ብሎ አልጨመረም። እኔ ለሱ ጉርሻ ስሰጥ እናቴ ደግሞ ቤት አስገብታ ቡና አጠጣችው።

ግልገል ጊቤ፣ የመብራት ኃይል ግድቡ ውሃ ማለቴ ነው፣ እዛ ስንሄድ ግን አገልግሎቱ ላይ ቅሬታ አለኝ። ኮንትራት መኪና ነው የያዝነው፣ ድርጅቱን አልጠራም፣ ነዳጁን ጨምሮ 6,000 ብር ተባብለን ተነስተን ማታ ስንመለስ "ቆማችሁ የዋላችሁበት አይታሰብም እንዴ" ተብሎ 9,000 ተጠየቅን። ደርሶ መልስ ውሎ መሆኑን ጠዋት ተነጋግረናል። ተከራክሬ 7,000 ከፈልኩ፣ ግን ልጆቹና እናቴ ፊት ጎዳና ላይ መጨቃጨቅ የቀኑን ጣዕም ያጠፋል። ስለዚ ዋጋውን በቴክስት አስፅፉ፣ ነዳጅ፣ ሰዓት፣ መቆሚያ ሁሉ ተዘርዝሮ። ሹፌሩ ራሱ ጨዋ ሰው ነበር፣ አነዳዱም ረጋ ያለ።

ቦታው ግን ይገባዋል። በአዲስ አበባ መንገድ ሰርቦን አሰንዳቦን አልፋችሁ ወደ ደነባ ስትጠጉ፣ ከጅማ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኮረብታው መሀል የተኛው ውሃ በአንዴ ይከፈትላችኋል። ግልገል ጊቤ አንድ ማለት ይሄ ነው፣ 1996 ዓ.ም የተመረቀው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው። እዚህ መብራት ሆኖ የወጣው ውሃ ደግሞ አልቆ አይቀርም፣ 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ ተራራ ስር ለስር ሄዶ ጊቤ ሁለትን ያንቀሳቅሳል። ይሄን ለእናቴ ስነግራት ውሃውን ረጅም ሰዓት አይታ "እንግዲህ ሌሊት ስትጠፋብኝ የማማርራት መብራት ከዚህ ነዋ የምትመጣው" አለች።

ትንሹ "ማዕበሉስ?" አለ። ማዕበል የለም። ነፋስ ሲመጣ ብቻ ውሃው ሽብሽብ ይላል፣ ዳሩ ጭቃ ነው እንጂ አሸዋ አይደለም፣ እና እግራችሁን አትንከሩ፣ እንዲህ ዝግ ያለ ውሃ ላይ ቢልሃርዝያ ሊኖር ይችላል፣ ወደ ማታ ደግሞ ቢንቢው ስለሚበዛ ከ11 ሰዓት በፊት መነሳት ነው፣ ወባ ያለበት አካባቢ ነው። እኛ ውሃው በሚታይበት ዛፍ ስር ምንጣፍ ዘርግተን ዋልን። አሳ አጥማጆቹ ቆሮሶ ሲያወጡ ልጆቹ ሄደው አዩ፣ መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ ጋ ሙሉውን አስጠበስን፣ ቆዳው ተንጣጥቶ፣ በሚጥሚጣና በሎሚ፣ እንጀራው ትኩስ፣ አራት ሰው ጠግቦ 900 ብር። እጅ መታጠቢያ ሳሙናና ንፁህ ጀሪካን ነበራት፣ ይሄን የምፅፈው ትልልቅ ቤቶች ውስጥ ያጣሁት ስለሆነ ነው።

የተቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የእናቴ ቤት ስለማይበቃን ያደርነው ፔንሲዮን ነው፣ አልጋው ንፁህ፣ ሙቅ ውሃ አንዳንዴ አለ አንዳንዴ የለም፣ ጠዋት ፊቱን ሳይቋጥር በር የሚከፍት ጥበቃ ነበራቸው፣ 12 ሰዓት ላይ ለሚወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጂሬን አመሻሽ ላይ ውጡ፣ ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአባ ጅፋርን የእንጨት በረንዳ ካያችሁ በኋላ ዞር ብላችሁ ከተማውን ከላይ እዩት፣ እኔ ፎቶ ማንሳት የረሳሁት እዛ ነው። በርጩማ መርካቶ ገዝቻለሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቷል።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። ቦዬ ላይ አንድ መቀመጫ የለም፣ ሽንት ቤት የለም፣ እናቴ 71 ዓመቷ ነው ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው። ይሄ ይሰራል፣ ገንዘብ ነው። ከባዱ ውሃው ነው። አዌቱ ከተማውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ የሰውን ቆሻሻ ይዞ መጨረሻው ወደ ቦዬ ነው፣ ረግረጉ ደግሞ እንደ ማጥለያ ሆኖ ያንን ይይዝና ቀለል ያለውን ወደ ግልገል ጊቤ ይለቃል። ማለት ያን ቀን አሳ የበላንበት ውሃ እና እኔ አዌቱ ድልድይ ላይ ፌስታል ሲወረወርበት ያየሁት ውሃ አንድ ነው። ዳር ዳሩን ደግሞ ለጡብ አፈር ይቆፈራል፣ ባህር ዛፍ ይተከላል፣ እናቴ "ድሮ ውሃው እስከዚያ ዛፍ ድረስ ነበር" ብላ ያሳየችኝ ቦታ ዛሬ ደረቅ ነው። የጅማ ልጆች፣ ውጭም ውስጥም ያላችሁ፣ አግዳሚ ወንበርና የቆሻሻ ገንዳ ለማስገባት የሚሰባሰብ ካለ እኔ አለሁበት፣ ከልቤ ነው።

ለባጃጁ ልጅ ስልኬን ሰጥቼው ነበር የመጣሁት። ባለፈው እሁድ የድምፅ መልእክት ላከልኝ፣ እናቴን ቦዬ ወስዷት ነው፣ ልጆቹ ከሌሉማ ማን ይወስደኛል ስትል ሰምቶ በራሱ ደውሎላት። ከኋላ የእሷ ድምፅ ይሰማል፣ ቀስ ብላ እያወራች፣ "ንገራት፣ ሦስት ሆነዋል በላት፣ ግልገል አለች"።