የካሊፎርኒያ ካይሮፕራክተር ቦርድ፦ የፈቃድ ማጣሪያው ጥሩ፣ የአቤቱታው መንገድ ረጅም

ሎስ አንጀለስ ውስጥ መኪና የተገጨ ሰው ብዙ ጊዜ ጠበቃው ወደሚያውቀው ካይሮፕራክተር፣ ማለትም የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ችግርን በእጅ ወደሚያስተካክል ባለሙያ ይላካል። አንገትን ለማያውቁት እጅ ከመስጠት በፊት የባለሙያውን ፈቃድ ማየት ይገባል። ፈቃዱን የሚሰጠውም የሚነጥቀውም የካሊፎርኒያ ካይሮፕራክቲክ ኤግዛሚነርስ ቦርድ ነው። በ1922 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ድምፅ በጸደቀ ሕግ ተቋቋመ። ሰባቱን አባላት አገረ ገዥው ይሾማል፤ አምስቱ ካይሮፕራክተሮች፣ ሁለቱ ከሕዝብ ናቸው። ለታካሚ ጥበቃ ሁለት ሰው ያንሳል።

ከአገልግሎቱ ሁሉ የሚመሰገነው የኢንተርኔት ፈቃድ ማጣሪያው ነው። ነፃ ነው። የክሊኒኩን ስም ትታችሁ የባለሙያውን ስም ወይም የፈቃድ ቁጥር አስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፈቃዱ እንደሚሠራ አይቶ ገጹን ሲዘጋ ነው፤ በቅጣት አመክሮ ላይ ያለ ባለሙያም ፈቃዱ ስላልተነጠቀ መሥራቱን ይቀጥላል። ወደ ታች ወርዳችሁ የዲሲፕሊን ሰነዶቹን ክፈቱ። በምርመራ ላይ ያለ አቤቱታ እዚያ አይወጣም፤ የሚወጣው መደበኛ ክስ ሲመሠረት ነው። ስለዚህ ንጹሕ ገጽ ማለት ማንም አላማረረበትም ማለት አይደለም።

የቦርዱ ደንብ ካይሮፕራክተሩ የሕክምናውን ዋና ዋና አደጋዎች በቃልም በጽሑፍም አስረድቶ እንዲያስፈርም ያስገድደዋል። የአንገት ማስተካከል አልፎ አልፎ ከደም ሥር መሰንጠቅና ከስትሮክ ጋር ስለሚያያዝ ይህ ተራ ወረቀት አይደለም። እንግዳ መቀበያው ላይ ከሌሎች ቅጾች ጋር አስፈርመው ማንም ካላስረዳችሁ፣ ያ ራሱ ለቦርዱ የሚቀርብ ጉዳይ ነው።

አቤቱታ ከማስገባታችሁ በፊት የሕክምና መዝገባችሁን በጽሑፍ ጠይቁ። ክሊኒኩ ቅጂውን በ15 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ መዝገቡንም ከመጨረሻው ሕክምና ጀምሮ 5 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለበት። ከዚያ ኢንሹራንሱ የላከላችሁን የክፍያ ዝርዝር ከሄዳችሁባቸው ቀናት ጋር አስተያዩ። ባልሄዳችሁበት ቀን ሒሳብ ከተጠየቀ ጠንካራ ማስረጃ ይዛችኋል። መዝገባችሁ እንዲወሰድ የሚፈቅደውን ቅጽ ሳትፈርሙ አቤቱታውን ከላካችሁ የቦርዱ መርማሪ ፋይሉን ለማግኘት ይቸገራል።

ደካማው ጎን ከዚህ በኋላ ይመጣል። ክስ የሚመሠረት ከሆነ ጉዳዩ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በኩል ወደ አስተዳደር ዳኛ ይሄዳል፤ የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን ቦርዱ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል፤ ደግሞም ቦርዱ ካሳ አያስከፍልላችሁም፣ በዋጋ ክርክርም አይገባም። እስከ 12,500 ዶላር ለሚደርስ ክርክር የአነስተኛ ክሶች ፍርድ ቤት አለ። ጉዳት ደርሶባችሁ በቸልተኝነት የምትከሱ ከሆነ የቦርዱን መልስ አትጠብቁ፤ ገደቡ በጥቅሉ ጉዳቱን ካወቃችሁ 1 ዓመት ወይም ከደረሰ 3 ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው ነው፤ ለቦርዱ ማመልከታችሁም ይህን ገደብ አያቆመውም።