የሱሉልታዋ ፎቶ ቤት እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን የምጽፈው እንደኔ ፎቶ ማንሳት ሥራቸው ላልሆነ፣ ግን ከልባቸው ለሚወዱት ሰዎች ነው። ካሜራ ወይም ደህና ስልክ አላችሁ። ዩቲዩብ አይታችኋል። አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ ሸተር ስፒድ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ፎቶዎቻችሁ ግን የሆነ ቦታ ደርሰው አልሻሻል ብለዋችኋል። እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ከዚያ ያወጡኝ ሱሉልታ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ያላቸው አንዲት እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ እኔም እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ።

እትዬ ሙያውን የተማሩት በፊልም ዘመን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ነጋቲቭ አጥበዋል፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በእጃቸው አትመዋል። አሁን ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ፣ የሠርግና የምርቃት ፎቶ ያጥባሉ፣ ፍሬም ይሸጣሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ፊት ሲያዩ ነው የኖሩት። ፎቶ ሊያሳጥብ የሄደ ሰው ከጠየቃቸው አብረውት ቁጭ ብለው ያዩለታል። ያዩለታል ስል "ያምራል" ብለው አይሸኙትም። አንዱን ፎቶ ያነሱና "ይሄ ፊት ለምን ጠቆረ?" ይላሉ። መልሱን ቶሎ አይነግሩህም። እስክታስብ ይጠብቁሃል።

የፊት መጥቆር ነገር በተለይ በዓል ሲመጣ ብዙዎቻችንን ያስቸግራል። ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው እናነሳለን። ነጠላው ግራጫ፣ ፊቱ ጨለማ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱን እንደ እትዬ አጥርቶ ያስረዳኝ የለም። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል። ልብሱ ሲቀነስ ፊቱም አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ "ከፊት ጀምር" ይላሉ። በካሜራ ከሆነ ስፖት ሚተሪንግ (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ምርጫ) ላይ አድርጎ ፊቱን መለካት ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ ፊቱን በጣት ነክቶ፣ ብቅ የምትለዋን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መሳብ ነው።

በዚህ አላበቁም። ፊት ላይ ስትለካ ካሜራው ያንኑ ፊት ወደ ግራጫ ሊወስደው ይሞክራል። ስለዚህ ጥቁር ለሆነ ሰው ካሜራው ካለው ትንሽ ቀነስ፣ ቀይ ለሆነ ሰው ደግሞ ትንሽ ጨመር ማድረግ አለብህ። ጠይም ሰው ብዙውን ጊዜ ካሜራው እንዳለው ይሆንለታል። "ጥቁሩን ጥቁር፣ ጠይሙን ጠይም አድርገህ አምጣልኝ" ነው ቋንቋቸው። ፊት የሚያነጣ ኤዲት አይወዱም። በዚህ ሙሉ በሙሉ ከሳቸው ጋር ነኝ። ሙሽራ የገዛ መልኳን አልበሟ ውስጥ ፈልጋ ስታጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ቀጥሎ ያስተማሩኝ የሰዓት ነገር ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሰማዩ ከጠራ ፀሐዩ ምሕረት የለውም። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው ወደ ላይ የምትወጣው፤ ለስላሳው የጠዋት ብርሃን ቶሎ ያልፋል። 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ጥላው ይጠነክራል። 6 ሰዓት ላይ የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይሰምጣል። ግን ዘመድ ሁሌም በጠዋት አይሰበሰብም፤ የሠርግ ፎቶም ቀትር ላይ ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን እትዬ የሚሉት ሰውየውን በረንዳ ጫፍ ላይ አቁመው፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙረው ነው። ጣራው የላይኛውን ፀሐይ ይከለክላል። መሬቱና ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ብርሃን መልሰው ፊት ላይ ያመጣሉ። ባህር ዛፍ ሥር ግን አይሆንም ይላሉ፤ በቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚገባው ፀሐይ ፊቱን ያዥጎረጉረዋል።

ድንኳንም አለ። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተነሳ ሰው ሰማያዊ ሆኖ ይመጣል። አታሚዎች የሚማረሩት በዚህ ነው። ከውጭ ነጭ ብርሃን፣ ከላይ ሰማያዊ ብርሃን ከተደባለቀ፣ ሰማያዊውን ከፊት ላይ ሲያነሱት ሌላው ቦታ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ስለዚህ ሰዎቹን ወደ ድንኳኑ አፍ ጠጋ ማድረግ ነው። ሁለት እርምጃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የኤዲት መከራ ሁሉ ያስቀራል።

የኔ ዋና ፍቅር ሯጮች ናቸው። ሱሉልታን የሚያውቅ ያውቃል፤ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አትሌቶች በቡድን በቡድን ሆነው ሜዳውን ያቋርጣሉ። ትንፋሻቸው በብርዱ ይታያል። ፎቶዎቹን ለእትዬ ሳሳያቸው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ላቡ የታለ?" ነበር። ፀሐይን ከጀርባዬ አድርጌ ስለማነሳ ብርሃኑ ፊት ለፊት እየመታቸው ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይሆን ነበር። ፀሐይዋን ወደ ጎን ሳደርጋት ላቡም፣ የእግር ጡንቻውም፣ አቧራውም መታየት ጀመረ። ሁለተኛው ጥያቄያቸው ስለ ጀርባ ነው። ከሯጩ ራስ ላይ የመብራት ፖል በቅሏል። ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ብትል፣ ወይም በርከክ ብለህ ሰማዩን ጀርባ ብታደርገው ፖሉ ይጠፋል። አሁን ካሜራውን ከማንሳቴ በፊት መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው።

ፍጥነት ላይ ያሉኝ አጭር ነው። ሯጩ ቁልጭ ብሎ እንዲቆም ከፈለግህ ሸተሩን 1/1000 ሰከንድ አድርግ። ማለዳ ብርሃኑ ስለማይበቃ አይኤስኦውን 1600 ድረስ ከፍ አድርግ፤ ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ ያለ ትንሽ ቅንጣት ቢወጣ አትፍራ። ብዥ ያለ ፎቶን ማንም አያድነውም፣ ቅንጣት ግን ሲታተም ብዙም አይታይም። ሩጫው ራሱ እንዲሰማ ከፈለግህ ደግሞ 1/30 አካባቢ አድርገህ ካሜራውን ከሯጩ ጋር አብረህ አስኪደው። ጀርባው ይሳባል፣ ሯጩ ይቀራል። ይህኛው ብዙ ልምምድ ይጠይቃል።

አዲስ ሌንስ ልግዛ ብዬ ሳማክራቸው፣ ያለችኝን 50 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሯ እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ እንዳልለቃት ነገሩኝ። እንደኔ ካሜራ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ትንሽ ከሆነ ይህች ሌንስ ወደ 80 ሚሊሜትር የተጠጋ እይታ ትሰጣለች፤ ለፊት ፎቶ ተስማሚ ናት። ዋጋዋም ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን አንድ ነገር አሸክሞ ይልከኝ ነበር።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን ፎቶዬን እንዳሳጥብ ስላደረጉኝ ነው። የስልክ ስክሪን ያበራል፤ ጨለማ ፎቶም ያማረ ያስመስላል። ወረቀት ላይ ሲወጣ እውነቱ ይታያል። ጠረጴዛቸው ላይ ፎቶዎቹን ይደረድሩና ደካሞቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ እንድጥል ያደርጉኛል። እያንዳንዱን ለምን እንደጣልኩት መናገር አለብኝ። መምረጥን የተማርኩት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ለ10 በ15 ሳንቲሜትር ፎቶ 1200 በ1800 ፒክስል ይበቃል፤ ስለዚህ በስልክ የምታነሱም አትፍሩ። በቴሌግራም ከላካችሁላቸው ግን በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል ላኩ። አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። በፍላሽ ይዞ መሄድ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ለውጡን ሰዎችም አዩት። ድሮ ለሯጮቹ ፎቷቸውን ስሰጥ "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብለው ያልፉ ነበር። አሁን "ያችን ትልቅ አድርገህ አሳጥብልኝ" የሚሉ አሉ።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልበል። ጥር ላይ አትሂዱ፤ የሠርግ ፎቶ ከላያቸው ላይ አይወርድም። በሁዳዴ ሠርግ ስለሚቆም ሰፋ ያለ ጊዜ አላቸው። ብዙ ፎቶ አትጫኑባቸው፣ የምትወዷቸውን ጥቂት መርጣችሁ ሂዱ። እንዲነኳችሁ ካልፈለጋችሁም ይቅርባችሁ፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ክፋት ግን የላቸውም። ለማየት ብር አይቀበሉም። እባካችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ የምታሳጥቡትን ይዛችሁ ሂዱ። እንጀራቸው ነው፤ ኅትመታቸውም ቢሆን ቀለሙን የጠበቀ ነው።

አቅጣጫውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እትዬን አስፈቅጄ እነግረዋለሁ።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የሯጮቹን ፎቶ መርጫለሁ፤ ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።