ለአምፕሊፋየር ፓወር ገመድ የትኛው ሽቦ ይሻላል? ባለ 1.5፣ ባለ 2.5፣ ጎማው ወይስ "የኦዲዮ ነው" የሚባለው

ደብረ ብርሃን ኤሌክትሪክ እቃ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ "ለአምፕሊፋየር የሚሆን ገመድ ፈልጌ ነበር" ስትሉ ባለሱቁ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ "ስንት ሜትር?" ብሎ ነው። ጥያቄው ደግሞ ልክ ነው፣ ምክንያቱም ሳሎን ላለ አምፕሊፋየር የምትሰሩት የሁለት ሜትር ገመድና በጥር ለሰርግ ድንኳን የሚዘረጋው የ25 ሜትር ገመድ ጭራሽ አይገናኙም።

መጀመሪያ አጭሩን እንይ። 1000 ዋት ከመስመር የሚስብ አምፕሊፋየር በ220 ቮልት 4.5 አምፔር አካባቢ ነው የሚወስደው፣ 5 እንበለው። ሁለት ሜትር ገመድ ላይ ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 4 ሜትር መዳብ ነው የሚያልፈው፣ በ0.75ቱ ሽቦ (ቁጥሩ የመዳቡ ወፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር) ግማሽ ቮልት እንኳን የማይሞላ ይጠፋል፣ በ1.5ቱ ሩብ ቮልት ገደማ። ይሄን ጆሮ አይሰማውም በቃ፣ ጎረቤት የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ እኮ መስመሩ ከዚህ የበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ ለአጭር ገመድ "ወፍራም ሽቦ ቤዙን ይጨምራል" የሚላችሁን ሰው አትስሙት፣ 1.5 የምትገዙት ለድምፅ ሳይሆን እንዳይሞቅና በደንብ እንዲጨበጥ ነው።

አሁን ድንኳኑ ጋ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። 25 ሜትር ሆኖ ሁለት ሶስት ሞንታርቦ (ትልልቁ የድግስ ስፒከር) ተሰክቶ 10 አምፔር ሲሳብ 0.75ቱ ከ11 ቮልት በላይ ይበላል፣ 1.5ቱ ወደ 6፣ 2.5ቱ ደግሞ ሶስት ተኩል ገደማ። 0.75 እዛ ጋ ማስገባት ቮልት መብላቱ ብቻ አይደለም፣ ገመዱ ራሱ ይሞቃል፣ በተለይ ግማሹን ተጠቅልሎ ከትታችሁት ከሆነ ሙቀቱ የሚወጣበት ስለሌለው ፕላስቲኩ እስከመቅለጥ ይደርሳል። የተጠቀለለ ኤክስቴንሽን ሁሌም እስከመጨረሻው ተዘርግቶ ነው የሚሰራው፣ ቢያስጠላም።

አይነቱን በተመለከተ፣ ለቤት ግድግዳ የሚገባው ባለ አንድ ዘንግ ደረቅ ሽቦ ርካሽ ነው፣ ከቤት ስራ የተረፈም አይጠፋም፣ ሶስቱን ገምዶ ናስትሮ ጠቅልሎ ፓወር ገመድ የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ። መዳቡ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ግን እሱ የተሰራው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ እንዳይነቃነቅ ነው፣ እየተነቀለ እየተሰካ ስፒናው አንገት ላይ ይሰበራል፣ ሲሰበር ደግሞ ከውጭ አይታይም፣ ውስጥ ውስጡን ብልጭ እያለ ነው የሚቀጥለው። ለመብራት የሚሆነው መንትያ ቀጭን ገመድም ግራውንድ (ወደ መሬት የሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) ስለሌለው እዚህ ቦታ የለውም።

የሚቀሩት ሁለቱ ፍሌክሲብሎች (በቀጫጭን ክር የተሰሩት ተጣጣፊ ገመዶች) ናቸው፣ ውስጡ ሶስት ሽቦ ያለው ነጭ ወይም ጥቁር ፒቪሲ (ላዩ ላይ ኤች05ቪቪ-ኤፍ ተብሎ የተፃፈበት) እና ወፍራሙ ጥቁር ጎማ (ኤች07አርኤን-ኤፍ)። ለቤት ፒቪሲው ይበቃል፣ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይላጣል፣ ለስራ ይመቻል። ድንኳን ለሚዞር ሰው ግን እኔ ያለምንም ማመንታት ጎማውን ነው የምለው፣ ምክንያቱ ደግሞ የኛው አየር ነው። በህዳርና በታህሳስ ጠዋት ደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ያደረ ፒቪሲ ገመድ ልትዘረጉት ስትሉ እንደ ደረቅ ጠፍር ይገተራል፣ በዛው ጠዋት ጣርማ በርን አልፋችሁ በደብረ ሲና ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ደግሞ ሙቀት ነው፣ ፀሀይ ነው፣ ይለሰልሳል። እንደዚህ ሲገተርና ሲለሰልስ ላዩ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። ጎማው ብርዱንም ፀሀዩንም ጭቃውንም ይችላል፣ ሰው ቢረግጠው መኪና ቢወጣበት ከፒቪሲው በብዙ ይሻላል። ክብደቱ ብቻ ነው ችግሩ፣ ዋጋውም ያው ይጨምራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ወፍረቱም አይነቱም ልክ ሆኖ ሽቦው መዳብ ላይሆን ይችላል። ላዩን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ገበያ ላይ ሞልቷል፣ ስታዩት ቀይ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ግን አልሙኒየም በተመሳሳይ ወፍረት ከረንት እንዳያልፍ የሚያግደው የመዳብን 1.6 እጥፍ ገደማ ነው፣ ቶሎ ይሰበራል፣ ብሎን ስር ደግሞ እየላላ ይሄዳል። መለያው ቀላል ነው፣ ጥቅሉን አንሱት፣ ከጠበቃችሁት በላይ ከቀለላችሁ ጠርጥሩ፣ ከዛ አንዷን ክር አውጥታችሁ በምላጭ ፋቁ፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው። በተቃራኒው ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ ከወጣ ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ነው፣ እሱ ጥሩ ነው፣ እንዳትመልሱት። ክሮቹንም ቁጠሩ፣ 1.5 ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር የሆኑ 30 ክሮች አሉት፣ 0.75ቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆኑ 24። ላስቲኩ ወፍሮ "1.5" ተፅፎበት ውስጡ 18 ቀጫጭን ክር ከሆነ የምትከፍሉት ለፕላስቲክ ነው።

"የኦዲዮ ነው" ተብሎ በሚያምር ሹራብ ተሸፍኖ የሚሸጠውስ? ብር የተቀባ፣ ኦክስጅን የሌለው መዳብ ምናምን ይባላል። ብር ከመዳብ በ6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው በተሻለ የሚያስተላልፈው፣ ከቆጣሪው እስከ ሶኬቱ ያለው ደግሞ ያው የግድግዳ ሽቦ ነው፣ የመጨረሻዋን ሁለት ሜትር ብር ብታደርጓት ምን ልታመጣ። ሺልድ (ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚሸፍን የብረት መረብ) ያለው ከሆነ ትንሽ ጥቅም አለው፣ ፓወሩና የማይኩ ገመድ አንድ ላይ ታስረው በሚሄዱበት ቦታ፣ ግን ያንን ሁለቱን አራርቆ በመዘርጋት ወይም ሲገናኙ በመስቀለኛ በማሻገር በነፃ ታገኙታላችሁ። ለአይን ካማራችሁ ግዙት፣ አልቃወምም።

ግራውንድ ላይ ግን አልደራደርም። ቢጫና አረንጓዴ መስመር ያላት ሽቦ ግራውንድ ናት፣ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል። ዘፋኝ ማይክ ሲጠጋ ከንፈሩን ነዘረኝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ግራውንድ ስለሌለ ነው፣ የመሳሪያው ቆርቆሮ ላይ የምትመጣው ቮልት መሄጃ አጥታ በሰውየው ታልፋለች። አንዳንዱ ድምፁ "እምምም" ሲልበት ቢጫዋን ቆርጦ ይገላገላል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ግን አንድ ቀን ውስጥ ፌዝ ቆርቆሮውን ቢነካ ብሬከሩ አይወርድም፣ ሰው ነው የሚወድቀው። ለእምምታው ማይክሰሩንም አምፕሊፋየሩንም ከአንድ ሶኬት በአንድ ዲቫይደር ስጧቸው፣ ካልጠፋ የሲግናሉን ገመድ ባላንስድ (ድምፁ በሁለት ሽቦ ሄዶ በመንገድ የገባው ጫጫታ የሚሰረዝበት) አድርጉት። ሶኬቱ ራሱ ግራውንድ ከሌለው ደግሞ ገመዱ ምንም አያደርግም፣ ኤሌክትሪሺያን መጥራት ነው።

ጫፎቹን ስታስሩ ክሮቹን በሊድ (በመበየጃው) ነክራችሁ ብሎን ስር አታስገቡ፣ ሊዱ በጊዜ ብዛት እየተጨፈለቀ ይላላና ይሞቃል፣ ጫፍ ላይ ተጨምቃ የምትገባዋን ትንሽ ቱቦ ተጠቀሙ። ቢጫዋን ከሁለቱ ረዘም አድርጋችሁ ተዉዋት፣ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የምትነቀለው እሷ እንድትሆን። መሳሪያው በኮምፒውተር አይነት ጫፍ የሚሰካ ከሆነ ጫፉ 10 አምፔር ነው የሚችለው፣ 2.5 ሽቦ ብዙ ጊዜ አንገቱም አይገባም፣ ለሱ 1.5 ግዙ። ሰማያዊ ፓወርኮን (ገብቶ ዞር ሲል የሚቆለፍ የፓወር ጫፍ) ያለው ሞንታርቦ ከሆነ 20 አምፔር ይችላል፣ ለሱ 2.5ቱን ጎማ።