ለደብረ ማርቆስ ብርድ የገዛሁት 5ደብልዩ-30 የሞተር ዘይት

ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጠው ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ፣ በታኅሣሥ ንጋት የመኪናዬን መስታወት ጤዛ ለብሶ የማገኝበት ቀን ጥቂት አይደለም። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ባላት ሱባሩዬ ቀድሞ እጠቀምበት የነበረው 20ደብልዩ-50 ዘይት በዚያ ሰዓት እንደ ረጋ ማር ስለሚወፍር፣ ሞተሩ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች ደረቅ ኳኳታ ይሰማ ነበር። የመኪናዋ መመሪያ ወደሚያዝዘው፣ በብርድ ቀጠን ብሎ ቶሎ ወደሚፈስሰው ሙሉ ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) 5ደብልዩ-30 ከቀየርሁ ወዲህ ኳኳታው ጠፍቷል። በነገራችን ላይ “ደብልዩ” የሚለው ፊደል ክረምትን ያመለክታል፤ ይኸውም የፈረንጁን የብርድ ወራት እንጂ የእኛን ዝናብ አይደለም።

ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። ደግሞም ዘይቱ ጥንቃቄን አያስቀርም፤ የሞተር ማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት መለኪያ መካከል ላይ ሲደርስ ዘይቱ ገና ለብ ያለ ብቻ ስለሚሆን፣ ሞተሩን አስነሥቼ አንድ ደቂቃ ያህል ከቆምሁ በኋላ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ከ3000 ሳላሳልፍ ለአሥር ደቂቃ ያህል በዝግታ እነዳለሁ። ጎረቤቶቼ እንደሚያደርጉት ቆሞ ግማሽ ሰዓት ማሞቅ ነዳጅ ከማባከኑም በላይ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየወረደ ያቀጥነዋል።