ፒሲአር ወይስ ፈጣን ምርመራ፦ ጅማ ላይ ኮቪድ ሲጠረጠር

ለፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል ላቦራቶሪ ውስጥ አባዝቶ ለሚፈልገው ምርመራ፣ ከአጋሮ የተወሰደ የአፍንጫ ናሙና ጅማ ላቦራቶሪ እስኪገባ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት፤ ከ72 ሰዓት በላይ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ይፈልጋል። የፒሲአር ትልቁ ጣጣ ይኸው ነው። በረዶው መንገድ ላይ ቀልጦ ናሙናው ከሞቀ የቫይረሱ ዘረመል (አርኤንኤ) ይፈራርሳል፣ የታመመውም ሰው «ነፃ ነህ» ሊባል ይችላል። በደንብ ከተያዘ ግን ጥቂት ቫይረስ እንኳ አያመልጠውም፤ እንዲያውም ካገገመ ሰው ላይ ርዝራዡን ለሳምንታት ሊያገኝ ይችላል።

የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልገው ፈጣኑ ምርመራ እዚያው ጤና ጣቢያ ያልቃል፦ የናሙናው ጠብታ ኪቱ ላይ ከተጨመረ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ። ውጤቱ በሚነበብበት «ቲ» ላይ የወጣች መስመር ብትደበዝዝም ፖዘቲቭ ናት፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የመጣች ግን አትታመንም። ኪቱ በትክክል መሥራቱን የምታሳየው የ«ሲ» መስመር ከሌለች በአዲስ ኪት ይደገም።

ምልክቱ ከጀመረ ሳምንት ላልሞላው ፈጣኑ ይቅደም፤ ኔጌቲቭ ሆኖ ጥርጣሬው ካልለቀቀ ናሙናው ለፒሲአር ይላክ።