ለአባይ ማዶው የእግር ባለሙያ ምስጋና፣ አሮጌ ቢኤም ለምትነዱ ጥቆማ

ባህር ዳር ውስጥ የመኪና እግር በትክክል የሚሠራ ሰው ለምትፈልጉ፣ በተለይ አሮጌ ቢኤምደብሊው ይዛችሁ ከጋራዥ ጋራዥ ለምትዞሩ፣ አባይ ማዶ የሚሠሩትን ጋሼን ልጠቁማችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይወዱ አልጽፈውም። ሥራቸውን ግን ከነዝርዝሩ እነግራችኋለሁ። የእግር ሥራ ጥሩና መጥፎነቱ ጎማው ከታሰረ በኋላ ስለማይታይ፣ ሰውየው ከሥር ምን እንዳደረጉ ማወቁ ለሁላችንም ይጠቅማል።

ጋሼ የሠሯት መኪና ኢ36 የሚባለው የቢኤምደብሊው ትውልድ 318 አይኤስ ኩፔ (ባለ ሁለት በር) ናት። ይህ ትውልድ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2000 የተመረተ ስለሆነ አሁን መንገድ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ላስቲካቸው ያረጀ ነው። ችግሯ እንዲህ ነበር፦ በጎንደር መንገድ አስፋልት ላይ ከ80 እስከ 100 ባለው ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ኮብልስቶን ላይ ከግራ እግር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ የፊት ጎማዎቹም ውስጠኛው ጠርዛቸው ቀድሞ ያልቃል። ለዚህ ምልክት ብዙ ቦታ የሚሰጠው መልስ «ዲስኩ ተጣሟል፣ ቀይሩት» የሚል ነው። ዲስክ ተቀይሮ ለጥቂት ሳምንት ዝም ካለ በኋላ መንቀጥቀጡ የሚመለስባቸው መኪኖች ሞልተዋል።

ጋሼ ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ይመረምራሉ። መኪናዋን በክሪክ አንስተው ካቫሌቶ (የብረት መቆሚያ) ላይ ካሳረፉ በኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁ፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ። ከግራና ከቀኝ ብቻ ከላላ የመሪው ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ጫፍ) ይጠረጠራል። በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ከላላ ኩሽኔታው (ጎማው የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው። ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ረዳታቸው ጣቱን ቦል ጆይንቱ (እንደ ኳስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞረው መገጣጠሚያ) ላይ አሳርፎ ንቅናቄው እዚያ ከተሰማው፣ ያለቀው ብራቾው (ጎማውን ከመኪናው ሥር ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ነው። ከዚያ በረጅም ብረት የብራቾውን የኋላ ጎሚኒ (የብራቾውን ጫፍ የሚይዘውን ላስቲክ) ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋ አደረጉት። ላስቲኩ ዙሪያውን ተቀዶ ስለነበር የብራቾው ጫፍ መሃሉ ላይ እንደ ልቡ ይጫወታል። ፍሬን ሲያዝ ጎማውን ወደ ኋላ የሚገፋውን ጉልበት የሚሸከመው ይሄ ጎሚኒ ነው። እሱ ሲላላ በደህናው ጊዜ የማይሰማ ትንሽ የዲስክ ወይም የባላንስ ጉድለት እንኳ ገዝፎ መሪው ላይ ይወጣል።

የኢ36 የታች ብራቾ እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። ሦስት ቦታ ይያዛል፦ በውጭ ጫፉ በቦል ጆይንት ከጎማው ተሸካሚ ጋር፣ መሃሉ ላይ በሌላ ቦል ጆይንት ከሞተሩ ሥር ካለው ድልድይ ጋር፣ ከኋላ ደግሞ በጎሚኒ። ጎሚኒው የተቀመጠበት መያዣ ብረት በሁለት ቡሎን ከቦዲው ጋር ይታሰራል። ቦል ጆይንቶቹ ከብራቾው ጋር አብረው ስለሚመጡ ብራቾው ሙሉውን ይቀየራል። ስፕሪንጉ ያለው አሞርቲዘሩ ላይ ስለሆነ ብራቾውን መፍታት ከስፕሪንጉ የሚመጣ አደጋ የለውም። መርሴዲስ 190 ላይ ግን ስፕሪንጉ ብራቾው ላይ ነው የተቀመጠው። ያለ ስፕሪንግ መጨመቂያ የሚፈታው ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል። ጋሼ ይህን ለረዳቶቻቸው ደጋግመው ሲናገሩ መስማት ደስ ይላል።

የገባው ዕቃ የግራና የቀኝ ብራቾ፣ ሁለት የኋላ ጎሚኒ፣ ሁለት የስታቢላይዘር (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳይጋደል የሚይዘው ዘንግ) ማያያዣ እና አዳዲስ ራሳቸውን የሚቆልፉ ዳዶዎች ነው። አሮጌውን ቆላፊ ዳዶ መልሰው አያስሩም፤ አንዴ ከተፈታ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የግራው ብራቾ ለቀኝ አይሆንም፣ ስለዚህ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ስታዝዙ ሁለቱንም ጎን ለይታችሁ ንገሯቸው፣ የሻሲ ቁጥሩንም ላኩ። ሌምፎርደር ለቢኤምደብሊው የሚያቀርብ ፋብሪካ ስለሆነ በእሱ አትሳሳቱም፤ ግን ካርቶኑን ብቻ አትመኑ። ቦል ጆይንቱን በእጃችሁ አዙሩት። እኩል ጠንከር ብሎ መዞር አለበት። ልል ከሆነ ወይም የላስቲክ ሽፋኑ ማሰሪያ የተወላገደ ከሆነ መልሱት።

ማሻሻያው ያለው ጎሚኒው ላይ ነው። የመደበኛው ኢ36 ጎሚኒ ላስቲኩ ውስጥ ክፍተት አለው፤ ለምቾት ተብሎ የተሠራ ነው። በቦታው የገባው የኤም 3 (የዚያው ትውልድ የስፖርት መኪና) ዓይነት፣ ሙሉ ላስቲክ ያለውና መሃሉ በትክክል መሃል ላይ የሆነው ነው። ፖሊዩረቴን ይሻላል የሚሉ አሉ። ፖሊዩረቴን ዕድሜው ረጅም፣ መሪውንም ቀጥ የሚያደርግ ነው፤ ግን የመንገዱን ምት ሁሉ ወደ ቦዲው ያሳልፋል። የባህር ዳርን የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና የዙሪያዋን ጠጠር መንገድ ለሚያውቅ ሰው፣ ለየዕለት መኪና ሙሉ ላስቲኩ ይበልጣል። እኔ በዚህ ከጋሼ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

አፈታታቸውም ያስመሰግናል። ቦል ጆይንቱን በሹካ አይፈነቅሉም፤ በመጎተቻ ያወጡታል፣ እምቢ ካለ የተሸካሚውን ጆሮ በመዶሻ ከጎን ይመታሉ እንጂ የቦል ጆይንቱን ጥርስ አይነኩም። የውስጠኛው ዳዶ ከድልድዩ በላይ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ በ22 ቁልፍ በትዕግሥት ነው የሚፈታው። አዲሱ ሲታሰር ቦል ጆይንቱ አብሮ ከዞረ፣ በክሪክ ከሥር ገፋ ያደርጉታል፤ የቦል ጆይንቱ ሾጣጣ ዘንግ ቦታውን ይዞ መዞሩን ያቆማል። ሾጣጣውና ቀዳዳው በጨርቅ ተጠርገው ደረቅ ሆነው ነው የሚገናኙት፣ ግራሶ አይቀባም።

አሮጌውን ጎሚኒ ከመያዣው ያወጡት፣ አዲሱንም ያስገቡት በፕሬስ ነው፤ የሚገፉትም የውጩን ብረት እንጂ ላስቲኩን አይደለም። ከዚያ የብራቾው ጫፍ ወደ ጎሚኒው ሲገባ የተጠቀሙት የሳሙና ውሃ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ግራሶ ወይም ዘይት ይቀባል፤ ቶሎ ስለሚገባለት። ግን ይህ ጎሚኒ የሚሠራው ብራቾውን ጨምድዶ ይዞ ላስቲኩ ሲጠማዘዝ ነው። ግራሶ ካለ ይንሸራተታል፣ ላስቲኩንም ይበላዋል። የሳሙና ውሃ ግን ይደርቅና ላስቲኩ ብረቱን ይይዛል።

ሳሙናው ሳይደርቅ ደግሞ ጎማው ታስሮ መኪናዋ መሬት መርገጥ አለባት። ጋሼ ሁለቱን ጎን ያለ ዕረፍት ጨርሰው ወዲያው አወረዷት፣ ፊቷን በእጅ ጫን ጫን አድርገው እግሩ ቦታውን እንዲይዝ ካደረጉ በኋላ እስኪደርቅ እንዳትነቃነቅ አሉ። እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከደረቀ፣ ላስቲኩ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ተጠማዝዞ ይኖርና በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ኮሮላና ቪትዝ ያላችሁም ይህን ያዙት፦ የእናንተ ብራቾ ጎሚኒ በቡሎን ስለሚያዝ፣ ያ ቡሎን የመጨረሻ ጥብቀቱን የሚያገኘው ጎማው መሬት ከረገጠ በኋላ ነው። «አዲስ ጎሚኒ አስገብቼ ወዲያው ተበላ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ መነሻው ይሄ ነው።

አጠባበቃቸው በግምት አይደለም፣ በቶርክ ቁልፍ ነው። የጎሚኒው መያዣ ቡሎኖች በ47 ኒውተን ሜትር፣ የውጭው ቦል ጆይንት በ65፣ የውስጡ በ85፣ የጎማው ቡሎኖች በ100። ከዚያ በኋላ ወደ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ወደሚስተካከልበት) ላኳት። ይህን ግዴታ ያደርጉታል፤ ብራቾ ተቀይሮ አላይመንት ካልተሠራ አዲሱ ጎማ እንደ አሮጌው ይበላል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላም ተመልሳችሁ ዳዶዎቹን እንዲያዩላችሁ ይጠይቃሉ፣ ለዚያ ገንዘብ አይቀበሉም።

አሁን መሪው በ100 ላይ ፍሬን ሲያዝ ጸጥ ያለ ነው፣ ኳኳታውም የለም። ዲስኩ አልተቀየረም፣ ያው የድሮው ነው።

የእጅ ዋጋቸውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፣ የወጣውን ዕቃ ከነካርቶኑ ያስረክባሉ። ክረምት ላይ ወረፋ ይበዛባቸዋል፤ በውሃ የተሸፈነ ጉድጓድ እግር ስለሚሰብር፣ በተቀደደ ሽፋን የገባ ጭቃም ቦል ጆይንት ስለሚጨርስ። ስለዚህ ከሰኔ በፊት ብትሄዱ ይሻላል። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የመኪናችሁን ዓይነትና የተመረተበትን ዓመት አብራችሁ ላኩ፣ ዕቃው መጀመሪያ መታዘዝ ካለበት ቀድመው ይነግሯችኋል።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ለረዳቶችዎም ምስጋናችን ይድረስ።